ከክረምት ልምምድ ወደ መጀመሪያው የብስክሌት ውድድር፦ በወሎ መንገዶች ለሚጋልቡ ጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ብስክሌት አይመችም። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት በጉም ይሸፈናል፤ ከተራራው ታጥቦ የመጣው ኮረትና ጭቃ ኩርባው ላይ ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ አብዛኛው ጋላቢ ብስክሌቱን ያስቀምጥና ይሮጣል፣ የጦሳን ተራራ ይወጣል፣ ገመድ ይዘላል። ይህ ጥሩ ነው። ክረምቱን እንዲህ ያሳለፈ ሰው መስከረም ላይ ብርቱ ልብና ሳንባ ይኖረዋል።

ችግሩ የሚመጣው ያ ሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ብስክሌቱን አውርዶ፣ ሦስት ሳምንት ጋልቦ ውድድር ሲገባ ነው። ትንፋሹ ይበቃዋል፤ ጭኑ ግን በአርባኛው ደቂቃ ይቆልፋል፣ ወገቡ ይያዛል፣ ከሰው ጎማ ኋላ መቆየት ስለማይችል ነፋሱን ብቻውን ይገፋል። ክረምት ላይ የተሠራውን ጉልበት ወደ ፔዳል ለማዞር አሥር ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ከመስቀል ማግስት የጀመረ ሰው ኅዳር መጨረሻ ላይ ለውድድር ይደርሳል። ይህ መመሪያም በዚያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ የውድድራችሁ ቀን ሌላ ከሆነ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ አሥር ሳምንት ቁጠሩ።

ክረምት ላይ የሚሠራው

በሳምንት አራት ቀን ይበቃል፦ ሁለቱ ለትንፋሽ፣ ሁለቱ ለጉልበት።

ለትንፋሹ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡ። ከሩጫው አንዱን በዳገት የእግር ጉዞ መተካት እንዲያውም ይሻላል፤ ዳገት ላይ በፍጥነት መራመድ ጭንና መቀመጫን የሚያሠራበት መንገድ ፔዳል ከመርገጥ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሲወርዱ ግን ቀስ ማለት ነው። ቁልቁለት መሮጥ ጡንቻውን እየሳበ ስለሚያሠራው ለሦስት ቀን ጭን ያሳምማል፤ ለብስክሌት የሚጨምረው ነገር ደግሞ የለም።

ለጉልበቱ ጂም ባይኖርም ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ በሁለት እጅ ያዙ፤ አንድ ላይ 10 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ቁመቱ 40 ሳ.ሜ በሆነ፣ በማይነቃነቅ ደረጃ ወይም ድንጋይ ላይ በአንድ እግር ውጡና ውረዱ፤ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቀጥሎ ቁጭ ብድግ 3 ጊዜ 12። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት 3 ጊዜ 15፤ በመጨረሻ በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ እንደ ሳንቃ መቆየት 3 ጊዜ 40 ሰከንድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ጀሪካን ሥሩ። ጀሪካኑን ግማሽ ሞልታችሁ አትያዙ፤ ውሃው ሲዋልል ወገባችሁን ይጎትታል። ሁለቱ የጉልበት ቀኖች በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይኑራቸው።

ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ጠዋት በሳምንት አንድ ጊዜ 40 ደቂቃ ብስክሌት ላይ መቀመጥ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለትንፋሽ ሲባል አይደለም፤ መቀመጫችሁ፣ መዳፋችሁና አንገታችሁ ብስክሌቱን እንዳይረሱት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያልተቀመጠ ሰው መስከረም ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቁስል ያጠፋል።

ፍልሰታን የሚጾም ሰው ጉልበት ሲሠራ ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝና ተልባ ከሌላው ጊዜ በዛ አድርጎ ይብላ። ልምምዱንም ከመብያው ሰዓት በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ቢያደርገው ወዲያው ይበላል፤ ጡንቻውም ቶሎ ያገግማል።

ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ለመጀመሪያ ውድድር አዲስ ብስክሌት አያስፈልግም። ውድድሩ በኮርስ (ቀጭን ጎማ ባለው የአስፋልት) ብስክሌትና በማውንቴን (ወፍራም ጎማ ባለው) የተከፈለ መሆኑን ጠይቁ፤ ያላችሁን ይዛችሁ በየምድባችሁ ግቡ። የሚያስፈልገው ያለው ብስክሌት በትክክል እንዲሠራ ነው፤ እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ በኋላ ያስከፍላል።

*የመቀመጫ ከፍታ።* ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መካከል እስከ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ከመጽሐፉ የላይ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ለኩ። ያገኛችሁትን በ0.883 አባዙ። 82 ሳ.ሜ ከሆነ 72.4 ሳ.ሜ ይመጣል፤ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል ነጥብ እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ይህ ነው። ሜትር ከሌላችሁ ግድግዳ ያዙና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ልክ መዘርጋት አለበት፤ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ካዘነበለ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ጉልበት ከፊት ለፊት ሲያም ብዙውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ በኩል ሲያም ከፍ ብሏል። ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱ፤ አንድ ሳምንት ጋልባችሁ እዩት። በውድድር ሳምንት ደግሞ ፈጽሞ አትንኩት።

*ሰንሰለት።* ሰንሰለት በጥገና ቤት ሳይሆን በማስመሪያ ነው የሚመረመረው። ከአንዱ ፒን መሐል ጀምራችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩና እስከ 25ኛው ፒን መሐል ለኩ። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳ.ሜ ገደማ ነው። 30.6 ካለፈ መቀየር አለበት። 30.8 ከደረሰ የኋላውን ጥርስ በልቶታል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገቡ በዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ እየዘለለ ያስቸግራችኋል፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

ሲያጸዱት በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩና ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጡ ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። ግራሶና ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ሰንሰለት ላይ አታድርጉ። ርካሽ መስሎ ይታያል፤ የወሎ መንገድ አቧራ ግን ከእሱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ይሆንና ሰንሰለቱን በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል።

*ፍሬን።* የፍሬን ጎማው መስመሮች ከጠፉ ይቀየር። የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ወደ ላይ ወጥቶ የጎማውን ጎን ከነካ አንድ ቁልቁለት ይበቃዋል፣ ቀዶ ያፈነዳዋል። እጀታውን ሙሉ ስትጨብጡት ማኑብሪውን ከነካ ሽቦው ይጥበቅ። የፍሬን ጎማው ውስጥ የተሰካ ጠጠር ወይም የብረት ፍንጣሪ ካለ በመርፌ አውጡት፤ ያ ነው ቸርኬውን የሚፍቀው።

*ጎማ።* ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 25 ሚሊ ሜትር የኮርስ ጎማ 80 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃዋል፤ መንገዱ የተቦዳደሰ ከሆነ 75። በአስፋልት ላይ የሚጋለብ ማውንቴን ከ40 እስከ 45። ጎሚስታ ጋር ስትሄዱ ነፋሱን በእጁ ዳብሶ እንዲገምት አትተዉት፤ በሜትር ይለካ። በቀጭን ቫልቭ የሚሠራ ከመነዳሪ ካላችሁ ወደ ወፍራም የሚቀይረውን ትንሽዬ አፍ ከኪሳችሁ አትለዩት፤ አለበለዚያ ኮምፕረሰሩ ፊት ቆማችሁ ነፋስ ታጣላችሁ። ወደ ሐርቡና ባቲ የሚወርድ ሰው የግራር እሾህ ስለማይቀርለት ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ይያዝ። አዲስ ከመነዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ የመጀመሪያውን የወጋው እሾህ ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰክቶ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

አሥሩ ሳምንታት

የልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት ባይኖራችሁ በንግግር ለኩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ መጋለብ ከቻላችሁ ቀላል ነው። ሦስት ቃል ብቻ ከወጣችሁ ከባድ ነው። አንድም ቃል ካልወጣችሁ ለውድድር የሚቀመጥ ጉልበት ነው። የፔዳል ምት ደግሞ እንዲህ ይቆጠራል፦ ቀኝ ጉልበታችሁ በ15 ሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደመጣ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ሜዳ ላይ ከ20 እስከ 22 ብትቆጥሩ በደቂቃ ከ80 እስከ 88 ነው፤ ትክክል ነው። ከክረምት ሩጫ የመጣ ሰው ሁሉ ከባድ ማርሽ ይዞ በደቂቃ 60 ይረግጣል፤ ጉልበቱን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ማርሹን አቅልላችሁ ቶሎ ቶሎ ማዞር ድካሙን ከጭን ወደ ትንፋሽ ያዞረዋል፤ ትንፋሹን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሠርታችሁበታል።

1ኛና 2ኛ ሳምንት። አራት ቀን ጋልቡ፦ 45፣ 60፣ 45 ደቂቃ፣ እሑድ 90። ሁሉም ቀላል። ሩጫው ወደ ሁለት አጭር ቀን፣ የጉልበት ሥራው ወደ አንድ ቀን ይውረድ። በዚህ ጊዜ የብርታት ስሜት ያታልላል። ልባችሁ ዝግጁ ስለሆነ ፍጥነት ያምራችኋል፤ ጅማታችሁና ጉልበታችሁ ግን ገና አልተላመዱም።

3ኛ ሳምንት። ከአራቱ ቀን አንዱን ዳገት አድርጉ፦ 4 ጊዜ 4 ደቂቃ፣ ተቀምጣችሁ፣ በደቂቃ ከ65 እስከ 75 እየረገጣችሁ። እሑዱ ወደ 2 ሰዓት ይደግ። 4ኛ ሳምንት ከ3ኛው አንድ ሦስተኛ ይቀነስ፤ ይህን ሳምንት መዝለል የለም። ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።

5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ሳምንት ዋናው ሥራ ነው። ማክሰኞ 4 ጊዜ 8 ደቂቃ በሦስት ቃል ፍጥነት፣ በመሐል 4 ደቂቃ ቀላል። ሐሙስ ወይም ዓርብ 8 ጊዜ 30 ሰከንድ፦ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ካላችሁበት ተነሥታችሁ በሙሉ ጉልበት፣ በመሐል ሁለት ደቂቃ ተኩል። ይህ ከአደባባይ መዞሪያ የመውጣት ልምምድ ነው። እሑድ ከሰው ጋር ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ሩጫውን ተዉት። የጉልበት ሥራው በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሹን ብቻ፣ እስከ 8ኛው ሳምንት ይቀጥል።

8ኛው እንደ 4ኛው ይቅለል። 9ኛው ሳምንት እሑድ የውድድሩን ያህል ርቀት፣ በውድድሩ ሰዓት፣ የውድድሩን ምግብ እየበላችሁ ጋልቡ። 10ኛው የውድድሩ ሳምንት ነው፤ ጊዜውን በግማሽ ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ግን አትተዉት፦ ማክሰኞ 5 ጊዜ 1 ደቂቃ በርትታችሁ፤ ሐሙስ 45 ደቂቃ ቀላል፤ ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን 30 ደቂቃ ከሦስት አጭር ፍጥነት ጋር።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የልባችሁን ምት ቁጠሩ። ከለመዳችሁት 8 ወይም 10 ምት በልጦ ሁለት ቀን ከቆየ፣ የዚያን ቀን ከባድ ሥራ በእረፍት ለውጡት።

ስለ መንገዱ። ለዝግታና ለረጅም ግልቢያ የደሴ–ሐይቅ መንገድ ጥሩ ነው፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ዳገትና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል። ለፍጥነት የኮምቦልቻ ሜዳና ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ይሻላል። ለዳገት ሐረጎ አለላችሁ፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ትወጣላችሁ። ደሴ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ኖሮ ደሴ የሚወዳደር ሰው በለመደው ፍጥነት ዳገት ከጀመረ ሳይታወቀው ይቃጠላል፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ሆን ብሎ ይዘግይ። በሰኞ የባቲ መንገድን ተዉት፤ ገበያ ስለሆነ አስፋልቱን ግመልና አይሱዙ ይይዘዋል። ኅዳር ደግሞ የአጨዳ ወር ነው፤ ነዶ የተጫነች አህያ ጭነቷን አስፋልቱ ላይ አሳልፋ ስለምትሄድ ስፋቷን በጭነቱ ገምቱ።

ቁልቁለት፦ ሐረጎን መውረድ

ብዙ ሰው ሐረጎን ለመውጣት ይዘጋጃል። ሰው የሚጎዳው ግን ሲወርድ ነው። ስለዚህ አንዷን ኩርባ ቀስ ብለን እንያት።

ከኩርባው 40 ወይም 50 ሜትር ሲቀራችሁ ገና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሳላችሁ ሁለቱንም ፍሬን አጥብቃችሁ ያዙ፤ «አንድ፣ ሁለት» እስክትሉ ብቻ፤ ልቀቁ፤ ድገሙ። ኩርባው ውስጥ ስትገቡ ፍሬኑ ተለቆ መሆን አለበት። ያዘነበለ ብስክሌት ላይ የፊት ፍሬን ከያዛችሁ የፊቱ ጎማ ይንሸራተታል፤ እሱ ከሄደ የሚይዛችሁ የለም። ከኩርባው ውጭ በኩል ያለውን ፔዳል ወደ ታች አውርዳችሁ ክብደታችሁን እሱ ላይ ጣሉት። ዓይናችሁ ከፊት ጎማችሁ ይነሣና ከኩርባው መውጫ ላይ ይረፍ፤ ብስክሌት ዓይን ወዳየበት ይሄዳል፤ ገደሉን ካያችሁ ወደ ገደሉ ትሄዳላችሁ። ከመሐል መስመሩ አትለፉ። የሚወጣው አይሱዙ ኩርባውን ለመቁረጥ የእናንተን በኩል ይበላልና ከፊት የማይታየው መኪና ሁልጊዜ እንዳለ አድርጋችሁ ውረዱ።

ከላይ እስከ ታች ፍሬን ይዞ መውረድ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። ፍሬን ሳይለቀቅ ሲቆይ ቸርኬው እንደ ምጣድ ይግላል። በውስጡ ያለው ነፋስ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከመነዳሪው ላይ የተለጠፈው ልጣፊ ማስቲሹ ይላላል፣ ጎማው በመሐል መንገድ ይፈነዳል። የተቃጠለ ጎማ ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ቸርኬውን በእጅ አትንኩት፤ ከጠርሙሳችሁ ጥቂት ጠብታ አድርጉበት፤ ጭስ ካለ ጭሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ለቁልቁለት የምትጠቀሙበት ከመነዳሪ ያልተለጠፈ ይሁን።

ኅዳር ጠዋት ደሴ ላይ ውርጭ አለ። ከጦሳ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ጣቱ ይደነዝዝና ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል። ከማልያው ሥር ደረታችሁ ላይ ሁለት እጥፍ ጋዜጣ አድርጉ፣ ጓንት ልበሱ፤ ታች ስትደርሱ ጋዜጣውን ታወጡታላችሁ። በመጀመሪያው ወር ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ቸርኬው ረጥቦ መጀመሪያ የተጨበጠው ፍሬን ውሃውን ብቻ ስለሚጠርግ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀት በጣም ይረዝማል፤ ኩርባው ላይ የቀረውን ኮረትም አስቡ።

ከሰው ጎማ ኋላ መሄድ

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስትጋልቡ አብዛኛው ጉልበት ነፋስ ለመግፋት ነው የሚሄደው። ከሌላ ጋላቢ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። በ2008 ዓ.ም በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሠራው ሥራ ይኸው ነው፦ ከፊት ሆኖ ለቡድን መሪው ነፋስ መከለል። ይህን ያልተማረ ጀማሪ ከእሱ የደከመ ሰው ይቀድመዋል።

ትምህርቱ በሁለት ሰው ይጀምር። መጀመሪያ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ፣ ከዚያ አንድ ሜትር፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ ግማሽ ሜትር። የፊተኛውን ጎማ ትኩር ብላችሁ አትዩ፤ ዳሌውንና ከእሱ ባሻገር ያለውን መንገድ እዩ። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ የፊት ጎማችሁ ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጎን እንዳይደረብ። ሁለቱ ጎማዎች ከተነካኩ የፊተኛው ምንም አይሆንም፤ የሚወድቀው የኋለኛው ነው፤ ከእሱ ኋላ ያሉትም ይከተሉታል። ከተጠጋችሁ በፍሬን ሳይሆን ፔዳል በማቆም ወይም ደረትን ቀና አድርጎ ነፋስ በመያዝ ቀንሱ።

ተራችሁ ደርሶ ከፊት ስትወጡ ፍጥነት አትጨምሩ፤ እንደነበረው ያዙት። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ቆይታችሁ ኋላችሁን አይታችሁ ወደ ጎን ውጡ፤ ፔዳል አቅልላችሁ ግሩፑ ይለፋችሁ፤ የመጨረሻው ሰው ትከሻችሁ ጋ ሲደርስ ረገጥ አድርጋችሁ ከኋላው ግቡ። ያን ጊዜ ካልረገጣችሁ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የመጀመሪያው መቆረጥ፣ ማለትም ከግሩፑ ወደ ኋላ መቅረት፣ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከፊት ያለ ሰው ለኋለኞቹ ዓይን ነው፦ ጉድጓድ በእጅ ይጠቁማል፣ «መኪና!»፣ «ፍየል!»፣ «ቀስ!» እያለ ይጮኻል፤ መልእክቱም ሰው በሰው እስከ መጨረሻው ይደርሳል።

መብልና መጠጥ

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ውድድር በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰዱ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ነው። ለጠርሙሱ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ይህ መጠን በብዙ ሰው ሆድ ላይ አይከብድም። ስኳሩን እጥፍ ማድረግ ግን ውሃው ከሆድ ቶሎ እንዳያልፍ ያደርጋል፤ ቁርጠት ያመጣል። በየ15 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ ጠጡ፤ ውሃ ጠማኝ እስክትሉ አትጠብቁ።

በሶ ድንቅ የስንቅ ምግብ ነው። በማርና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ ከግልቢያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ከግልቢያ በኋላ ይጠጣል። በውድድር መሐል ግን ወፍራም ስለሆነ ይከብዳል፤ ቴምርና ሙዝ ይሻላሉ። ቴምሩን ፍሬውን አውጥታችሁ ያዙ።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት በጾም ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ለጉልበት የሚሆነው እንጀራው፣ ፓስታው፣ ሩዙ፣ ድንቹ የጾም ስለሆነ በዚህ ረገድ የሚጎድል ነገር የለም። የሚያስቸግረው የመብያው ሰዓት ነው፤ እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በኋላ የሚቆይ ሰው ረጅሙን ግልቢያ ከምግብ በኋላ ያድርግ፣ ስለ ውድድሩ ቀን ደግሞ ቀደም ብሎ የንስሐ አባቱን ያማክር። ረመዳን ላይ ከሆነ ቀላሉን ግልቢያ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው 45 ደቂቃ፣ ከባዱን ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት በኋላ ብርሃን ባለበት ቦታ አድርጉ። ውሃ ሳይጠጡ በቀን ረጅም መጋለብ ግን አይሞከር።

በዋዜማው ምሽት ሽሮና ምስር ቀንሱ፣ ሆድ ይነፋሉ፤ ጥሬ ሥጋ ይቅር፤ ሩዝ ወይም ፓስታ በቀላል ስጎ ብሉ። በማለዳው ከውድድሩ ሦስት ሰዓት በፊት ዳቦ በማር ወይም ገንፎ፣ ከሻይ ጋር። ቡና የለመደ ይጠጣ፤ ያልለመደ በዚያ ቀን አይጀምር።

የውድድሩ ቀን

ስትመዘገቡ እነዚህን ጠይቁ፦ ከከተማ ከተማ ነው ወይስ በዙር? ስንት ዙር? የተቆረጠ ሰው ይወጣል ወይስ ይቀጥላል? ትርፍ ጎማ ከማን ይቀበላል? የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል? ሄልሜት ባይጠየቅም አድርጉ፤ ከታች ያለው ማሰሪያ በአገጭና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ።

የደረት ቁጥሩን በስድስት መርፌ ቁልፍ ያዙት፤ በአራቱ ጥግና በጎኖቹ መሐል። በአራት ብቻ የተያዘ ቁጥር ነፋስ ሞልቶት እንደ ሸራ ይጎትታል። ጎማችሁን በማለዳው በራሳችሁ ሜትር ለኩ። ከመነሻው 40 ደቂቃ ሲቀር 20 ደቂቃ ተሟሟቁ፦ 12 ደቂቃ ቀላል፣ 3 ጊዜ 1 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ ቀሪው ቀላል። ማርሹን አቅልላችሁ መነሻው ላይ ቁሙ፤ ከባድ ማርሽ ይዞ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሜትር እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው።

ከግሩፑ ፊት ሲሶ ውስጥ ሁኑ። መሪ ለመባል አይደለም። ውድድሩ በከተማ ዙር ከሆነ አደባባዩ ላይ የሚሆነውን አስቡት፦ ፊተኛው በሰዓት 30 ገብቶ በ25 ይወጣል፤ አሥረኛው ቦታ ስለሚጠበው ወደ 20 ይወርዳል፤ ሠላሳኛው እስከ መቆም ደርሶ፣ ፊተኛው ቀጥ ባለው መንገድ ሲሸሽ ከዜሮ ተነሥቶ ማሳደድ አለበት። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ከኋላ ያለው ግን በየዙሩ አንድ ተጨማሪ የሙሉ ጉልበት ሩጫ ይሮጣል። በ12 ዙር 12 ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ ከአደባባዩ 100 ሜትር በፊት በነፋስ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ቦታ ያዙ፣ ገና ቀጥ ሳላችሁ ማርሹን ሁለት ጥርስ አቅልሉ፣ ብስክሌቱ ሲያዘነብል ፔዳሉ መሬት እንዳይነካ በውስጥ በኩል ያለውን ከፍ አድርጉ፣ ስትወጡ ተነሥታችሁ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ርገጡና ተቀመጡ።

ዳገት ላይ ግሩፑ ከአቅማችሁ በላይ ከሄደ አንድም ቃል ወደማይወጣበት ደረጃ ለመግባት ሁለት ደቂቃ ብቻ ፍቀዱ። ከዚያ በኋላም ካልቀነሱ በራሳችሁ ምት ውጡ፤ ዳር ላይ የተቆረጡ ሌሎች ይኖራሉ፤ ከእነሱ ጋር ተጠራርታችሁ በየተራ ነፋስ ከከለላችሁ ግሩፑን ሜዳ ላይ መልሳችሁ ማግኘት ይቻላል። ብቻውን የሚያሳድድ ሰው ግን አይደርስም።

መጨረሻው ሲቀርብ ከሦስት ኪሎ ሜትር ጀምሮ ከአሥረኛ ሰው ኋላ አትሁኑ። የመጨረሻውን ሩጫ ከ200 ሜትር አስቀድማችሁ አትጀምሩ፤ ነፋሱ ከፊት ከሆነ ወደ 150 አሳጥሩት። ቀጥ ብላችሁ ጋልቡ፤ ግራና ቀኝ መዋለል ሰው ይጥላል። መስመሩን ካለፋችሁ በኋላ ፍሬን አትያዙ፤ እጃችሁን ማኑብሪው ላይ እንዳለ 200 ሜትር ዝም ብላችሁ ሂዱ፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ገና እየሮጠ ነው።

በዚያው ምሽት፣ ሳይረሳችሁ፣ በየትኛው ዙርና በየትኛው ቦታ እንደተቆረጣችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ከአደባባይ መውጫ ላይ ከሆነ የሐሙሱ 30 ሰከንድ ልምምድ ወደ 10 ጊዜ ያድግ። ዳገት ላይ ከሆነ የማክሰኞው 8 ደቂቃ ወደ 10 ደቂቃ ይርዘም። ተራችሁን ጨርሳችሁ ከፊት ስትወርዱ ከሆነ ጉልበታችሁን ተዉትና ከሁለት ጓደኛ ጋር ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አንድ ሙሉ እሑድ መውረድና መግባት ብቻ ተለማመዱ።